ፈታሿ የደበቀችው ብረት

ዘርትሁን ፈታሽ ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ፣ በሸራ በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆማ የሚገቡትን ሴቶች ትዳስሳለች። ከብብት ትጀምራለች፣ በወገብ ታልፋለች፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ትጨርሳለች። "ግቢ የኔ እናት" ትላለች፤ ቀጣይዋ እጇን ዘርግታ ትገባለች። ጉልምስናዋን እዚያው ሸራ ውስጥ ነው የጨረሰችው። ሥራውን የሚንቁ ሞልተዋል፤ እስቲ አንድ ቀን ቆመው ይሞክሩት። ሰው ምን እንደያዘ ለማወቅ እጅ ብቻ አይበቃም፤ አተነፋፈሱን መስማት፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚሸሽ ማየት ያስፈልጋል።

የፈታሽ እጅ ደግሞ ክፉ አመል አለበት፣ ቤቱ ሲገባም አያርፍም። ዘርትሁን ሰርግ ሄዳ ሙሽራ ስታቅፍ ሳይታወቃት ጎኗን ዳብሳ ትመለሳለች። ጎረቤቶቿ ሊስሟት ሲጠጉ "ዘርዬ፣ ዛሬ ቦምብ አልያዝኩም" እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ አመሏን ግን አትተውም።

ከሥራዋ የተማረችው ብዙ ነው። ለምሳሌ የያዘውን ነገር ሳይጠየቅ አውጥቶ የሚሰጥ ሰው ከዚያ በኋላ አጥብቆ የሚፈትሸው የለም። ደግሞም የፈታሽ እጅ ፀጉር ውስጥ አይገባም፤ ጎኗን ሲዳስሷት የምትችል ሴት ሹሩባዋን ሲነኩባት ትቆጣለች። ይህን እውቀት አንድ ቀን በገዛ ልጇ ላይ እጠቀምበታለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም።

ያለቻት ልጅ አንድ ናት፣ ሮሐ። የተማረች፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ጎሚስታ ቤት ያለውን ሌሊሳን አግብታ በቅርቡ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላገለችና፣ እንደ ወጉ ለመታረስ እናቷ ቤት ገባች። ዘርትሁን ገንፎውንም፣ አጥሚቱንም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ብረቱን አዘጋጀች። አራስ ያለ ብረት አትሆንም። ትራሷ ሥር ቢላዋ ይቀመጣል፤ ወደ ጓሮ ስትወጣ ትልቅ ሚስማር እጇ ላይ ይሆናል። ብረት የያዘችን አራስ ጋኔን አይደፍራትም። ሮሐ "እማዬ፣ እኔ አናጺ ነኝ እንዴ?" እያለች ትስቃለች፤ ግን ትይዘዋለች። እናቷን ቅር ማሰኘት አይሆንላትም።

ለሮሐ ቀልድ ይሁን እንጂ ለዘርትሁን ቀልድ አልነበረም። ታላቅ እህቷ ሾዴ፣ እንጦጦ ጀርባ በነበረው የአባታቸው ቤት፣ አራስ እያለች አንድ ቀትር ላይ ባዶ እጇን ወጣች። ማምሻውን ራሷን አመማት። በማግስቱ ዓይኗ ፈዘዘ። ከዚያ አንቀጠቀጣት፣ አረፋ ደፈቃት፣ በቃ። "ቀትር ላይ አገኛት" ተባለና ተቀበረች። ሚስማሯ መስኮቱ ደፍ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ልጅ የነበረችው ዘርትሁን ሚስማሩን አይታዋለች፣ ዛሬም ዓይኗ ላይ አለ።

እንግዲህ ሮሐ አንድ ማለዳ "እማዬ፣ ራሴን" ብላ ስትነሳ፣ ቀጥላም "በቀኝ በኩል አይታየኝም፣ የልጅቷ ፊት ግማሹ የለም" ስትል፣ እናትየው ምን እንደሆነች መገመት አይከብድም።  ሌሊሳ የደንበኛ መኪና ለምኖ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል አከነፋቸው። እዚያ መድኃኒት ተጀመረላት፤ ግን ሕመሙ ባሰ እንጂ አልቀለለም። ጊዜ ሳያባክኑ በቅርብ ርቀት ወዳለ አንድ የምርምር ሕክምና ማዕከል ላኳት።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ሙኒያ የምትባል፣ ሂጃቧን በሐኪም ቆብ የሸፈነች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ዘርትሁንንና ሌሊሳን የሮሐ አልጋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

"እማማ፣ አንጎሏ ውስጥ ደም የሚመልሰው ሥር ላይ ደም ረግቶ መውጫውን ዘግቶታል። ራስ ምታቱም፣ የዓይኗም መፍዘዝ ከሱ ነው። አራሶች ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው" አለች።

"አራሶች ላይ?" አለች ዘርትሁን።

"አዎ። ካልተደረሰበት ማንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ከዚያ…"

ዶክተሯ አልጨረሰችውም፤ ዘርትሁን ግን ልቧ ውስጥ ጨረሰችው። ሾዴን ያንቀጠቀጣት የረጋ ደም ነበር ማለት ነው? ይህን ያህል ዘመን ጋኔን ሲባል የኖረው ነገር ስም ነበረው? ሐሳቡ ከበዳትና ገፋ አደረገችው። የልጅ ነገር እንዲህ ሲሆን ሰው አዲስ እውቀት አይፈልግም፤ የሚያውቀውን የሙጥኝ ይላል።

ዶክተር ሙኒያ ቀጠለች። የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን በመላ ሰውነቷ ከተለቀቀ የወለደችበት ቁስል ገና ስለሆነ ደም እየፈሰሳት ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ መድኃኒቱን ተሸክሞ የረጋው ደም ድረስ ብቻ የሚሄድ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ብላ ከኪሷ አንዲት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ንጹህ ውሃ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ዱቄት ነበር።

"እነዚህ ሮቦቶች ናቸው።"

ሌሊሳ ብልቃጧን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት። "ሮቦት? እጁ የታለ ታዲያ?"

"እጅም እግርም የላቸውም" ብላ ፈገግ አለች ዶክተሯ። "ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳሉ። ላያቸውን መድኃኒቱ ለብሶታል፣ ውስጣቸው ብረት ነው። በቀጭን ቱቦ ደም ሥሯ ውስጥ እናስገባቸውና ከውጭ በማግኔት እየመራን ቦታው እናደርሳቸዋለን። ያሉበትን ቦታና የደሙን ግፊት እየለኩ ይነግሩናል፤ እኛ ስክሪን ላይ እናያለን።" አንዲት ማግኔት ወደ ብልቃጧ አስጠጋች። ዱቄቱ ከሥር ብድግ አለና መስታወቱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ማግኔቷን ስታዞራት አብሮ ዞረ። "አዲስ ነገር ነው፣ ገና በሙከራ ላይ ነው፤ አደጋ የለውም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ካልሠራነው የሚመጣው የባሰ ነው።"

ሮሐ በሚታያት በኩል ብልቃጧን አየችና "እሺ፣ ይሁን" አለች።

ዘርትሁን ጆሮ ውስጥ ከዚህ ሁሉ ንግግር የቀረው አንድ ቃል ነበር፤ ብረት። ዶክተሮቹም አራስ በብረት እንደምትድን ያውቃሉ! ደስ አላት። ደስታዋ ግን ወዲያው ደፈረሰ፤ ሲስተር ሰምሀል የምትባለው ነርስ መጥታ ነገ ጠዋት ማግኔቱ ያለበት ክፍል ምንም ዓይነት ብረት እንደማይገባ ነገረቻቸው። ጉትቻ አይገባም፣ ቀለበት አይገባም፣ ማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀል እንኳ ይወልቃል።

ይህ ለዘርትሁን የማይዋጥ ነገር ሆነባት። ልጇ ከሞት ጋር በምትተያይበት ሰዓት ባዶ እጇን ትግባ? ሾዴ እንደወጣችው? ደግሞስ እነዚህ ሰዎች በጭንቅላቷ ውስጥ ብረት እየሰደዱ፣ ፀጉሯ ላይ አንዲት ቁራጭ ብትኖር ምን አስጠላቸው? ብረት ከብረት ቢገናኝ ምን ይለዋል? ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ! እንዲያውም ይረዳዳሉ። ነገሩን በዚህ ዘጋችው። ሰው ሊያደርገው ለወሰነው ነገር ምክንያት አያጣም።

ቦርሳዋ ውስጥ የተሰበረች የፍራሽ መስፊያ መርፌ ነበረች፣ ወፍራም፣ ግማሽ ጣት የምታህል። በማግስቱ ጠዋት "ፀጉርሽ ተበላሽቷል፣ ላስተካክልልሽ" ብላ ሮሐን በጎኗ አስተኛቻትና ማጅራቷ ላይ ያለችውን ሹሩባ ፈታች። መርፌዋን በጥቁር ክር ጠቅልላ መሐሉ አስገብታ መልሳ ጎነጎነችው። ሮሐ ትንሽ ብርድ ብርድ ያላት ይመስል ትከሻዋን ሰበቀች።

ሲስተር ሰምሀል ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያ ይዛ ስትመጣ ዘርትሁን ቀደመቻት። "ይኸው እህቴ፣ ሳልረሳው" ብላ ትልቁን ሚስማር ከሮሐ ትራስ ሥር አውጥታ ሰጠቻት። ሰምሀል ሳቀች። "እኔም ስወለድ እናቴ ይዛ ነበር አሉ" አለች። ጉትቻውን፣ የፀጉር መያዣዎቹን አወለቀች፤ ሁሉንም ከሚስማሩ ጋር በፌስታል አድርጋ ለዘርትሁን መለሰችላት። መሣሪያው ግን ራሷ አጠገብ ሲደርስ አሁንም ጮኸ።

"ሌላ ብረት የለም አይደል?" አለች ሰምሀል።

"የለም።"

"ርግጠኛ ነዎት እናቴ?"

"ቁስቋም ማርያምን!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰምሀል የአልጋውን የብረት ራስጌ አየችና መሣሪያው እሱን እያየ የሚጮህ መሰላት። ብትበረብረው ታገኘው ነበር፤ ግን ማርያምን ብለው የማሉ እናት ፊት የልጃቸውን ሹሩባ ማን ይፈታል? ጎንበስ ብላ ሮሐን ራሷን በዝግታ ጠየቀቻት፤ ዘርትሁን ከበር ቆማ መልሱን አልሰማችም። ከዚያ ብረት የሌለው ቃሬዛ ላይ አዛውረው ገፍተው ወሰዷት። በሩ ተዘጋ፤ ከበላዩ ቀይ መብራት በራ።

ኮሪደሩ ላይ ሌሊሳ ሕፃኗን ትከሻው ላይ ለጥፎ ይንቆራጠጣል። ጎማ የለመደ ክንድ ሕፃን መያዝ አላወቀበትም፤ እንዳይጨፈልቃት ፈርቶ አያላላም፣ እንዳትወድቅ ፈርቶ አያጠብቅም። ዘርትሁን ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሚስማሩን አውጥታ ጨበጠችው፤ ሮሐ ባትይዘው እኔ ልያዝላት ብላ ነው። ትንሽ ልቧ አረፈ።

ዶክተሯ ለቤተሰብ የምታስረዳባትን ብልቃጥና ማግኔት ኮሪደሩ ላይ ካለው ጠረጴዛ ትታቸው ነበር። ሌሊሳ መቀመጥ ሲያቅተው ወደዚያ ሄደና በነጻ እጁ ማግኔቷን ያንቀሳቅስ ጀመር። "እማማ፣ ይምጡ እስቲ ይያዙልኝ። አሁን እዚያ ውስጥ እንዲህ እያደረጉ ነው" አለ።

ዘርትሁን ተነስታ ብልቃጧን ሚስማሩን በያዘችበት እጇ ደገፈችለት። ጥቁሩ ዱቄት የሌሊሳን ማግኔት ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ አየችው፤ ሲወጣ፣ ሲወጣ… መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ መንገዱን ትቶ ወደ ጎን ዞረና ሚስማሩ መስታወቱን በነካበት በኩል ክምር ብሎ ተለጠፈ። ሌሊሳ ማግኔቷን ቢያነሳ ቢጥል አልተከተለውም።

"ኧረ እማማ፣ ሚስማሩን ያርቁልኝ! መንገድ አሳቱብኝ እኮ" አለ ሌሊሳ። "ማግኔት አጠገብ ያለ ብረት እሱም ማግኔት ይሆናል። ብሎን ሲጠፋብኝ በዚህ ነው የምለቅመው።"

ዘመድ ከዘመዱ። ዘርትሁን ክው አለች። ትናንት ያጽናናት ተረት አሁን እንደ ፍርድ ተነበበባት። ጥቁሩ ዱቄት የማንን መንገድ ትቶ ወደ ማን እንደሚሄድ ገባት። ልጇ ጭንቅላት ውስጥ መድኃኒት የተሸከሙት ወደ ረጋው ደም አይሄዱም፤ ወደ ማጅራቷ፣ ወደ መርፌዋ ነው የሚሄዱት። ሚስማሩ ከእጇ ወድቆ ሴራሚኩ ላይ ተንቃጨለ።

ወደ በሩ ሄዳ አንኳኳች። ሲስተር ሰምሀል ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ በሩን በጠባቡ ከፍታ ብቅ አለች። "እናቴ፣ ቀይ ሲበራ አይንኳኳም! ምን ሆኑ?"

ዘርትሁን አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ የሰምሀል ዓይን አለ፣ ከኋላዋ የሌሊሳ ዓይን አለ፣ ማርያምን ብላ የማለችው መሐላ አለ። አማቿ በሆነ ልጅ ፊት፣ ልጄን በገዛ እጄ… እንዴት ተብሎ ይነገራል? ዕድሜዋን ሙሉ የሌላውን ድብቅ ስታወጣ የኖረች ሴት የራሷን ማውጣት አቃታት። 

"ደህና ናት ወይ ልል ነው" አለች።

"ገና አሁን ለቀቅናቸው። ይጸልዩ" አለችና ሰምሀል በሩን ዘጋችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች፤ ለዘርትሁን ግን ማደሪያ ጊዜ አልነበራትም። በሩ ላይ ግንባሯን ደግፋ ቆመች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምናልባት መርፌዋ ትንሽ ስለሆነች ምንም አታደርግ ይሆናል እያለች ራሷን ስታባብል፣ ከበሩ ወዲያ የዶክተሯ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማት። "ወደ ግራ እየሸሹ ነው! ለምንድነው የማይታዘዙኝ?"

ከዚያ በኋላ ሐፍረት የሚባለውን ነገር የት እንዳደረሰችው አታውቅም። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው። "ብረት አለ! ፀጉሯ ውስጥ ብረት አለ! እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት!" ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች። 

በሩ ተከፈተ። የሰምሀል ፊት አመድ መስሏል። "ማርያምን ብለው ማሉ እኮ!" አለች። ዘርትሁን አንገቷን አልደፋችም፣ ጊዜ የለማ። "ማጅራቷ ላይ ናት፣ የፍራሽ መርፌ፣ ሦስተኛዋ ሹሩባ ውስጥ" አለች።

ከውስጥ ዶክተር ሙኒያ ጮኻ ተናገረች። ማግኔቱን ቀንሳዋለች፤ ጨርሳ ብታጠፋው ግን ደሙ ቅንጣቶቹን ጠራርጎ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይወስዳቸዋል። መርፌዋ ማግኔቱ እየሠራ መውጣት አለባት። የሮሐን ራስ ማንሳትም፣ ማዞርም አይቻልም። መቀስ አይገባም። ሹሩባውን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል።

"እሳቸው ይግቡ" አለች ዶክተሯ። "ግን መጀመሪያ ፈትሻቸው።"

ሰምሀል ዘርትሁንን ግድግዳው ሥር አቆመቻት። ዘርትሁን እጇን ወደ ጎን ዘረጋች። ቀለበቷ ወለቀ፣ የማተቧ መስቀል ወለቀ፣ የቀሚሷ ዚፕ ብረት ሆኖ ስለተገኘ ቀሚሷም ወለቀና የሐኪም ጋውን ተጣለላት። ሰምሀል መሣሪያውን አላመነችም፤ እጇን ሻሿ ሥር ሰዳ ፀጉሯን እስከ ሥሩ በረበረች። ዘርትሁን አልተቆጣችም። "በደንብ፣ ከጆሮዬም ኋላ" አለች እንጂ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ትልቁ ማግኔት እንደ ክንድ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ የሮሐ ራስ አጠገብ ዝቅ ብሏል። ስክሪኑ ላይ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ከመንገዳቸው ወጥተው እንደ ንብ ተሰብስበው ይርገበገባሉ። ዘርትሁን ተንበረከከችና ጣቶቿን ከልጇ ማጅራትና ከትራሱ መሐል አሾለከች። መርፌዋን ስትነካት ክንዷ ድረስ ቀዘቀዛት፤ የማግኔቱ ጉልበት ጫፏን ወደ ላይ ስቧት ሹሩባው ተወጥሯል፣ ቆዳዋን ወግቷት ትንሽ ደም አለ።

"እንዳይጎትቷት" አለች ዶክተር ሙኒያ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "ከለቀቋት ትበራለች። አጥብቀው ይያዙና ቀስ ብለው ይፍቱ።"

በአንድ እጇ መርፌዋን ጨብጣ በሌላው ሹሩባውን ትፈታ ጀመር። ክሩ ግን ጠበቀ። ጠዋት እንዳትወድቅ ብላ ራሷ ናት ያጠበቀችው፤ አሁን ያንን እጇን ረገመችው። ቢያቅታት አፏን አስጠግታ ክሩን በጥርሷ ያዘችው። የልጇ ማጅራት ጉንጯን ነካት፣ ትኩስ ነበር፤ የወተትና የቅቤ ሽታ አለው። ክሩ ብጥስ አለ። መርፌዋ በጭብጧ ውስጥ ወደ ማግኔቱ ስትታገል ይሰማታል፤ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ኋላ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ሰምሀል መርፌዋን ከመዳፏ ፈልቅቃ ወሰደቻት። መዳፏ ደምቷል።

"እየተመለሱ ነው" አለች ዶክተሯ። "ተመለሱ… አሁን ያዝኳቸው። በሩን ዝጉት።"

ዘርትሁን ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሌሊሳ ከአጠገቧ ቁጢጥ አለ፤ ምንም አላላትም። ቢሰድባት በተሻላት። ሕፃኗን ሊያቀብላት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን በደማው መዳፏ ልትነካት ፈርታ ራሷን ነቀነቀች።  እሷ ስለት ልትሳል ፈለገች፤ በሐሰት የጠራችውን ስም መልሶ ለመጥራት ግን አፏ አልታዘዝ አለ።

ቀትር ሲያልፍ ዶክተር ሙኒያ ወጣች። ቆቧ በላብ ርሷል። "ደርሰዋል። መድኃኒቱን እዚያው ለቀዋል፣ መንገዱ ተከፍቷል። ዓይኗ ቀስ እያለ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አለች። ከዚያ ዘርትሁንን ትክ ብላ አየቻት። ልትቆጣት ነበር፣ ያስታውቃል። "ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ…" ብላ ተወችው። "ደግ አደረጉ፣ ተናገሩ" ብቻ አለች።

ሮሐን ያዩዋት በማግስቱ ነው። ቀና ብላ ተደግፋለች። ግንባሯ ላይ የነበረው መጨማደድ ለቋታል፤ ሕፃኗን በቀኝ በኩል አስይዘው ሲያሳዩዋት "ፊቷ ሞላ" ብላ አለቀሰች። ሌሊሳ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ዘርትሁን አልጋው ግርጌ ቆማ ለመጠጋት ድፍረት አጣች።

"ልጄ፣ አንቺን ልጠብቅ ብዬ ገድዬሽ ነበር" አለች። "አላወቅሽም እንጂ…"

"አውቄ ነበር" አለች ሮሐ።

"ምኑን?"

"መርፌውን ነዋ፣ እማዬ። ስትጎነጉኚው ተሰምቶኛል። ሲስተር ሰምሀልም ጠይቃኛለች፤ ፀጉርሽ ውስጥ የቀረ ነገር አለ ወይ ብላኝ ነበር።"

"ታዲያ ምን አልሻት?"

"የለም አልኳት።"

ዘርትሁን የአልጋውን ብረት ያዘች።  "ለምን? ብረት እንደማይገባ ነርሷ ስትናገር ሰምተሽ የለም እንዴ?"

"ሰምቻለሁ። ግን አንቺ ማርያምን ብለሽ ምለሽ ነበር። አለ ብላቸው እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊያዋርዱሽ ነው። እንዴት ብዬ?"

"ሞኝ! የኔ ውርደት ከነፍስሽ ይበልጣል?"

ሮሐ ንግግሯ ገና የደከመ ነው። "አንቺስ ብትሆኚ እናትሽን ሰው ፊት ታሳጪያት ነበር?"

ዘርትሁን እናቷን አስታወሰች፣ የእናቷን እናት አሰበች። አንዳቸውም አያደርጉትም ነበር። ዝም ብለው በጨዋ ደንብ ይሞቱ ነበር። እሷም ልጇን አንቀልባ ላይ አዝላ ካሳደገቻት ቀን ጀምሮ ስታስተምራት የኖረችው ይህንኑ ነው፤ ሮሐም ትምህርቷን በደንብ ይዛለች፣ እስከ ሞት።

ሄዳ ሕፃኗን ከሌሊሳ እጅ ተቀበለች። በፋሻ የተጠቀለለ መዳፏን ከትንሿ ራስ ሥር አድርጋ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ልጅቷ እንቅልፏን ለመቀጠል አፏን ከፈት ዘጋ አደረገች።

"እቺ ግን ታዋርደን" አለች ዘርትሁን። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። "ስታድግ ውሸት ስንናገር ብትሰማ፣ ሰው ፊት፣ አደባባይ ላይ ታዋርደን።"